አንድ ጠርሙስ ጢስ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ከሥራ ቦታዬ ይዤ የመጣሁት ሦስት ነገር ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት የለበስኩትን የሸራ ሽርጥ፣ ጋሼ ተኽለ የሰጡኝን አጭር ቢላ፣ እና ቆሻሻ ጥጥ የሞላበት የማርማላታ ጠርሙስ። ሽርጡን ባለቤቴ ሰዓዳ አጥባ የወጥ ቤት መወልወያ አደረገችው። ቢላው መሳቢያ ገባ። ጠርሙሱን ግን ሁለት ጊዜ ከቆሻሻ መጣያ አውጥቼዋለሁ። «ሰው ከሥራ ሲሰናበት ሰዓት ይሸለማል፤ አንተ ጥጥ ተሸለምክ» ትለኛለች። ለምን እንደማልጥለው ነግሬያት አላውቅም ነበር። ባለፈው ወር ከአንድ ሙዚየም ስልክ ባይደወልልኝ ኖሮ አሁንም ባልነገርኳት ነበር።

ሙያዬን ሰው ሲጠይቀኝ «ሥዕል አጥባለሁ» ነበር የምለው። እዚህ ዴንቨር፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያሉ ወዳጆቼ «ሥዕል ደግሞ ይታጠባል?» ብለው ይስቁብኛል። ይታጠባል። አሮጌ የዘይት ቀለም ሥዕል ላዩ ላይ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ቫርኒሹ በመቶ ዓመት ውስጥ ይበልዝና እንደ ሻይ ይሆናል። እሱን ከሥሩ ያለውን ቀለም ሳይነኩ ማንሳት ነው ሥራው። ሠዓሊ አይደለሁም። በግ ሣል ብትሉኝ ውሻ ነው የሚወጣኝ።

ዴንቨር እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ትኬት መቁረጥ ነበር። አለቃዬ ቀኑን ሙሉ የማያናግረኝ፣ ማታ ላይ ግን ለምን ዝም እንዳልኩ የሚጠይቀኝ ሰው ነበር። ከዚያ ሆቴል ልብስ አጠብኩ። ከዚያ ለብዙ ዓመት የኤርፖርት ሻትል ነዳሁ። ከኤርፖርት ወደ ከተማ ስትነዳ ተራራው ሁሉ ፊት ለፊትህ ነው። ተሳፋሪው ከእንቅልፉ ነቅቶ «ዋው» ይላል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። እኔ በቀን ስድስት ጊዜ ስለማየው ምኑም አይገርመኝም ነበር። አውቀዋለሁ ብዬ አስብ ነበር። ኋላ ላይ ጉድ የሠራኝም ይኸው ማወቄ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሌላ ሙያ ነበረኝ። አባቴ መርካቶ ቡፌና ቁም ሳጥን ላክ የሚቀቡ ሰው ነበሩ፤ እኔም ከእሳቸው ነው የተማርኩት። አባቴ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፤ «እንጨቱ ፊትህን ካላሳየህ አልጨረስክም»። አንድ እሑድ ኮልፋክስ ላይ የአንድ ወዳጄን ግሮሰሪ ባንኮኒ በነጻ ላክ እየቀባሁለት ሳለ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ረጅም ሽማግሌ እንጀራ ሊገዙ ገብተው ግማሽ ሰዓት ቆመው አዩኝ።

«ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

«አባቴ። መርካቶ።»

«እጅህ ጥሩ ነው። ችኮላህ አያምርም። ሰኞ ና።»

ጋሼ ተኽለ ማለት እኒህ ናቸው። አስመራ ተወልደው እንጨት ሥራን ከአንድ ጣሊያን ወርክሾፕ የለመዱ፣ ትምህርታቸውን በአማርኛ የተማሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ ይልቅ የጠራ ሰው። ዴንቨር ውስጥ ዴቭ በሚባል ፈረንጅ የፍሬምና የሥዕል እድሳት ሱቅ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ዴቭ ባለቤቱ ነው፤ የሚፈራው ግን እሳቸውን ነበር። ደመወዙ ከሻትሉ ያነሰ ስለነበረ ሰዓዳ አንድ ሳምንት አላናገረችኝም።

የሱቁ እንጀራ በአብዛኛው ድሮ ከሞተ ከአንድ ሠዓሊ ሥዕሎች ነበር የሚገኘው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ጋሼ ተኽለ «ሽማግሌው» ይሉት ስለነበር እኔም እንደዚያው እላለሁ። ባቡር እዚህ አገር ሳይደርስ በበሬ ጋሪ ከምሥራቅ መጥቶ፣ ተራራው ግርጌ ጎጆ ቀልሶ፣ እስኪሞት ድረስ ይችኑ አካባቢ የሣለ ሰው ነው። ወንዙን፣ ጥዱን፣ ሜዳውን፣ በረዶውን። ሥዕሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ነባር ቤተሰቦች ቤት ከምድጃ በላይ ተሰቅለው ታገኛቸዋለህ። በዘመኑ የነበሩ ሌሎች ሠዓሊዎች ተራራውን እንደ ሙሽራ ኩለው ያቀርቡት ነበር አሉ። እሱ ግን የዚያን ቀን ያየውን ነው የሚያስቀምጠው፤ አቧራ ካለ አቧራ፣ ደመና ካለ ደመና። ከዚያ ሸራውን ያዞርና ጀርባው ላይ በእርሳስ ወሩን፣ ሰዓቱንና የተቀመጠበትን ቦታ ይጽፋል።

ጋሼ ተኽለ ሥዕል ሲመጣላቸው ፊቱን አያዩም ነበር። በሆዱ ጨርቅ ላይ ያስተኙትና ጀርባውን ያነባሉ። ከዚያ የሥዕሉን ፎቶ ይዘው፣ የሚታጠፍ ወንበር ፒክ አፓቸው ላይ ጭነው፣ ጀርባው ላይ በተጻፈው ወርና ሰዓት እቦታው ድረስ ይሄዳሉ። ወሩ እስኪደርስ ሥዕሉ መደርደሪያ ላይ ይጠብቃል። ዴቭ ይበሳጫል፤ ደንበኛ ይደውላል፤ እሳቸው አይሰሙም። አንድ ጊዜ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። በሥዕሉ ቀኝ በኩል አንድ ጥቁር ነገር ነበረ፤ ዴቭ ሻጋታ ነው ብሎ እንድናነሳው ፈልጓል። ወንዙ ዳር ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። አሥር ሰዓት ላይ የገደሉ ጥላ ቀስ ብሎ መጥቶ ልክ ሥዕሉ ላይ ባለበት ቦታ ውሃው ላይ ተኛ። ጋሼ ተኽለ ወንበራቸውን አጠፉ። «ሻጋታው መጣ» አሉና ወደ መኪናው ሄዱ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ስንጥር ላይ ጥጥ ጠቅልለህ፣ ማሟሟያ ውስጥ ነክረህ፣ ቫርኒሹ ላይ ታንከባልለዋለህ፤ አትፈትገውም። የቆሸሸውን ጥጥ ሌላው ሰው ይጥለዋል። እሳቸው ግን ከየትኛው የሥዕሉ ክፍል እንደወጣ ወረቀት ለጥፈው በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ያስቀምጡታል። ባለቤቱ ሥዕሉን ተረክቦ ዓመት እስኪሞላው አይጣልም። በመጨረሻም የሠሩትን ሁሉ ከሠዓሊው ጽሑፍ በታች፣ ጀርባው ላይ፣ በእርሳስ ይጽፉና ስማቸውን ያኖሩበታል። «ሐኪም የሠራውን ካርድ ላይ ይጽፋል» ይሉኝ ነበር። «ሥዕልም ካርዱ ጀርባው ነው።»

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ረመዳን ኦገስት ላይ በሚውልባቸው በእነዚያ ዓመታት ነው። እንግልውድ የሚኖሩ ሚስስ ኬለር የሚባሉ ጡረተኛ ነርስ ከአባታቸው የወረሱትን የሽማግሌውን ሥዕል ይዘው መጡ። ሥዕሉ ሻይ የተደፋበት ይመስል ነበር፤ ተራራ መሆኑን በግምት ነው የምታውቀው። ጀርባው ላይ «ኦገስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከወንዙ ወዲህ» ይላል። ጋሼ ተኽለ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሊደረጉ በሳምንቱ ሆስፒታል ይገቡ ነበር። ሥዕሉን ለእኔ ሰጡኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ሥራ ብቻዬን ማለት ነው።

«ወሩ ራሱ ነው» አሉኝ። «ሂድና ተቀመጥ። ከዚያ ጀምር።»

አልሄድኩም። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ጾም ላይ ነኝ፣ ተራራው ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል መንዳት ነው እያልኩ ጾሙን ሰበብ አደረግኩት። ጾሙ ምንም አላደረገኝም፤ በጾም አፌ ከዚያ የባሰ ሥራ ሠርቼ አውቃለሁ። እውነቱ፣ ተራራውን ከሻትሉ መስኮት አሥር ዓመት አይቼዋለሁና ምን ይጨምርልኛል ብዬ ነው። ጋሼ ተኽለ ከሆስፒታል አልጋቸው ደወሉልኝ።

«ሄድክ?»

«አዎ ጋሼ፣ ሄጃለሁ።»

«ምን አየህ?»

«ተራራ።»

ሳቁ። «ተራራውንማ እኔም አውቀዋለሁ» ብለው ዘጉት።

ሥራውን ከሰማዩ ጀመርኩ። ጥጡ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ሰማዩ እየገረጣ፣ እየነጣ መጣ። ሁለት ቀን እንዲህ ሠራሁ። ተራራው ወገብ ላይ ስደርስ ጥጡ ቢጫ መሆኑን ተወና ግራጫ ሆነ። አቆምኩ። እዚያ ላይ ማቆሜን ልቤ ያውቀዋል። ግን ሥዕሉ ስልሳ ዓመት ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ የኖረ ነው፤ የምድጃ ጥላሸት ነው አልኩ። ደግሞም የኮሎራዶ አየር ደረቅ ነው፤ እዚህ አገር ተራራ በእጅህ የምትነካው እስኪመስልህ ጥርት ብሎ ነው የሚታየው። ከሻትሉ ያየሁት እንደዚያ ነው። ቀጠልኩ። ግራጫው በቀላሉ ለቀቀ፤ ከሥሩ ሰማያዊ ሸንተረር፣ ከሸንተረሩ በታች ጥዶች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። አባቴ ቢያዩኝ ኖሮ ይኮሩብኝ ነበር እያልኩ ነው የሠራሁት። ዴቭ መጥቶ አየና አፏጨ።

ሚስስ ኬለርም ደስ አላቸው። «እዚህ ዛፍ መኖሩን በሕይወቴ አላውቅም ነበር» አሉ። ጋሼ ተኽለ በከዘራ እያነከሱ ሲመለሱ ሥዕሉ ሄዷል፤ ጠርሙሶቹ ብቻ አሉ። አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ይሄ ግራጫ ምንድን ነው?»

«የምድጃ ጥላሸት ነው ጋሼ።»

ረጅም ጊዜ ጠርሙሱን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ይሄን አትጣለው» ብለው መልሰው አስቀመጡት።

ዓመት ሞላ። በሌላው ኦገስት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከልጄ ከሃያት ጋር ሃቫና ስትሪት ሥጋ ገዝቼ ወደ መኪናው ስወጣ ወደ ምዕራብ አየሁ። ተራራው ከወገቡ በታች የለም። ጫፉ ብቻ ሰማይ ላይ ተንሳፍፏል፤ ከሥሩ ግራጫ፣ ትንሽ ቢጫ ያለበት ነገር ተኝቷል፤ ከግራ ወፍሮ ጀምሮ ወደ ቀኝ እየሳሳ ይሄዳል። ጥጡ ግራጫ የሆነበትን ቦታ ልክ በልክ አወቅኩት። ግራጫው ከግራ ነበር የጀመረው፤ ወደ ቀኝ እየሳሳ ነበር የሄደው። ጥላሸት እንደዚያ አይተኛም። ጥላሸት ሁሉንም እኩል ነው የሚያለብሰው።

ፌስታሉን ይዤ ፓርኪንጉ መሀል ቆሜ ቀረሁ።

«ባባ፣ ዋት አር ዩ ዱዊንግ? ኢትስ ጀስት ስሞክ፣ ጢስ ነው» አለችኝ ሃያት። «ተራራው ላይ ፋየር አለ። ካም ኦን፣ ካሩ ውስጥ ግባ፣ ኤሩ ባድ ነው።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ተራራውን ከነጥዱ ሠርቶታል። ከዚያ የሰደድ እሳቱን ጢስ በስሱ ላዩ ላይ አልብሶታል። በዚያ ኦገስት ያየው እሱን ነበር። እኔ ደግሞ ጠርጌ ጣልኩት። ቤት ገብቼ ለሰዓዳ አሞኛል አልኳት፤ ውሸትም አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ተኽለ የፍሬም ማዕዘን በሙጫ እያጋጠሙ ነበር። አጠገባቸው ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ጥላሸት አልነበረም።»

ቀና አላሉም። «ምን ነበር?»

«ጢስ ነው። የእሳት ጢስ። ሽማግሌው የሣለው።»

ማዕዘኑን አጥብቀው አሰሩ። የተረፈውን ሙጫ ጠረጉ። «ሄደህ አላየህም እንዴ?»

«አልሄድኩም። ዋሸሁዎት። ያውም ጾም ይዤ።»

የሙጫውን ጨርቅ አስቀመጡ። «ባለፈው ኦገስት ጢስ አልነበረም» አሉ። «ብትሄድም ምንም ላታይ ትችል ነበር።»

ሊያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር።

«ግን እዚያ ቁጭ ብለህ፣ ተራራው ቁልጭ ብሎ እየታየህ፣ ታዲያ ሥዕሉ ለምን አይመሳሰልም ትል ነበር። የሚኬደው ለመጠየቅ ነው። ለማየትማ ፎቶ አለ።»

«መልሼ ልቀባው? ከጥጡ ቀለሙን አይቼ...»

«አንተ ከቀባኸው ያንተ ጢስ ነው የሚሆነው። የእሱ አይሆንም።» ከዘራቸውን አነሱ። «ለሴትዮዋ ማን ይነግራቸዋል?»

«እኔ።»

ዴቭ ሲሰማ ፊቱ ቀላ። ደንበኛዋ ደስተኛ ናቸው፣ ዛፋቸውን ወደውታል፣ ምን ነካችሁ? ብትሄዱ በራሳችሁ ነው፣ ቢከሱን አንተን ነው የማሰናብተው አለኝ። ጋሼ ተኽለ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይሄ ሰውዬ ግን ሌሊቱን ወዶታል» አሉኝ በአማርኛ፣ ፈገግም ሳይሉ። በእሳቸው ፒክ አፕ እንግልውድ ሄድን። መንገዱን ሁሉ ሥራ ብለቅ ሻትሉ ይመልሰኝ ይሆን እያልኩ ነበር የማስበው።

ሚስስ ኬለር ሳሎናቸው ውስጥ አስቀመጡን። ሥዕሉ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል፤ ሰማያዊና ጥርት ያለ። እንግሊዝኛዬን አስተካክዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳልሄድ ሄድኩ ማለቴን ጭምር። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ፎቶውንም አሳየኋቸው፤ ከሥራ በፊት ያነሳሁት ፎቶ ላይ ግን ሁሉም ነገር ሻይ ስለሆነ ጢሱ አይለይም። እሳቸው ሥዕሉን እንጂ እኔን አያዩም ነበር።

«አባቴ ይሄን ሥዕል የእሳቱ ሥዕል ይለው ነበር» አሉ። «ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፤ ከአባቱ የሰማው ነው። እህቴና እኔ ልጆች ሆነን ወንበር ላይ ቆመን እሳቱን እንፈልግ ነበር። እሳት የት አለ እያልን እንስቅበት ነበር።»

ጋሼ ተኽለ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያዙ።

«ስልሳ ዓመት እዚያ ነበር ማለት ነው» አሉ ሚስስ ኬለር። «ከዚያ አንተ አገኘኸውና ጠረግከው።»

«አዎ» አልኩ።

አልጮሁም፤ አልከሰሱም። ይቅርም አላሉኝም። ጋሼ ተኽለ ሥዕሉን አውርደው በፊቱ አስተኙትና እርሳስ ጠየቁ። እርሳሱን ለእኔ ሰጡኝ። ከሽማግሌው ጽሑፍ በታች፣ ሠዓሊው በተራራው ግርጌ የሣለውን ጢስ ጥላሸት መስሎኝ እንዳነሳሁት፣ ቦታው ድረስም እንዳልሄድኩ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና ስሜን አኖርኩበት። እጄ እንደ ልጅ እጅ ነበር። ሚስስ ኬለር አነበቡት፤ «ጠርሙሱን አንተው ያዘው፤ ቤቴ አላስቀምጠውም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቃችን አልመጡም። ዴቭም አላሰናበተኝም፤ ጋሼ ተኽለ እሱ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ ብለውት ኖሯል። ይህን የሰማሁት ከቀብራቸው በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያልሄድኩበት ቦታ የለም። በኖቬምበር በረዶ ወንበር ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። አንዴ ፖሊስ ምን ታደርጋለህ ብሎኝ ጥላ እየጠበቅኩ ነው ብዬው መታወቂያዬን ሁለት ጊዜ አይቷል። ጠርሙሱ ሁሌም ከጠረጴዛዬ ራስጌ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ባለፈው ወር የደወለችልኝ የሙዚየሙ ሠራተኛ ኤሚሊ ትባላለች። ሚስስ ኬለር አርፈው ሥዕሉን ለሙዚየሙ ተናዝዘዋል። ኤሚሊ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ጽፋ ጨርሳ ነበር፤ ሠዓሊው የኮሎራዶን ጥርት ያለ አየር እንዴት እንደያዘው የሚያወድስ። ከዚያ ለመስቀል ሲያዞሩት ጀርባውን አነበበች።

«ጀርባው ላይ ጽፈው ኑሪ ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። «ጢሱን ያየ ሌላ ሰው አለ?»

ሽማግሌው ሞቷል። ጋሼ ተኽለ ሞተዋል። ሚስስ ኬለር ቢኖሩም አላዩትም ነበር። በዓለም ላይ ያን ጢስ ያየ ሰው ያጠፋሁት እኔ ብቻ ነኝ። «የለም» አልኳት።

ያን ቀን ነው ለሰዓዳ የነገርኳት። ጠርሙሱን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። በ15 ቁጥር አውቶቡስ፣ ጠርሙሱን ጭኔ ላይ ይዤ፣ ኮልፋክስን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ ሄድኩ። ኤሚሊ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ጠበቀችኝ። ሳልነካው፣ እጄን ከላዩ ከፍ አድርጌ፣ ከየት እንደጀመረ፣ የት ላይ እንደወፈረ፣ ከየትኛው ጥድ በኋላ እንደሳሳ አሳየኋት። እየተከተለች ወረቀት ላይ ሣለችው። ሁለት ጊዜ ደገምኩላት፤ ሁለቱም ጊዜ እጄ አልተሳሳተም።

ከዚያ ጠርሙሱን ስትቀበለኝ ቅጽ አወጣች፤ ሙዚየም ያለ ቅጽ ምንም አይቀበልም።

«የዕቃው ዓይነት ምን ልበል?» አለች።

«ጢስ» አልኳት።

አየችኝና ጻፈችው። «የሰጠው ሰውስ? የእርስዎን ስም ልጻፍ?»

«የእኔ አይደለም» አልኳት። «የሠዓሊውን ስም ጻፊ። እኔን ከታች፣ የመለሰ በሚለው ላይ አድርጊኝ።»

እንደዚያ የሚል መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም። በእስክሪብቶዋ አሰመረችልኝና ፈረምኩ።